«አይገናኙም» አለ

ልክነሽን ፍቅር የያዛት ጠረጴዛ ሥር ነው። ሌላው ሰው ሠርግ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም አባያ ዳር በሽርሽር ቀን ይያዛል። እሷ ግን አቧራ እያስነጠሳት፣ በአንድ እጇ የስልኳን መብራት በሌላው የኬብል ጫፍ ይዛ፣ ከአሮጌ ኮምፒውተር ጀርባ ተንበርክካ ሳለች ነው የተያዘችው። አጠገቧ የአብስራ በጀርባው ተኝቷል፤ ነጭ ሸሚዙ የወለሉን እድፍ ሁሉ ጠርጎ ወስዶታል። «እዚህ ጋ አብሪልኝ» ብሎ ዞር ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ከዚያ በኋላ መብራቱ የት እንዳበራ እግዜር ይወቀው።

ቦታው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ የገበሬዎች የፍራፍሬ ዩኒየን ጽሕፈት ቤት ነው። ከጽሕፈት ቤቱ በስተኋላ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በዚያች ክፍል ልክነሽና ሦስት ጓደኞቿ ከአባላቱ የሚመጣውን ሙዝና ማንጎ ይመዘግባሉ። ኮምፒውተሮቻቸው ሆዳቸው ወደ ኋላ የተነፋ፣ ሲከፈቱ የሚያጓሩ፣ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር የሚያኮርፉ ናቸው። ዩኒየኑ ያለ የሌለ በጀቱን አፍስሶ አዲስ ሰርቨር ሲገዛ፣ የፊት ቢሮ ላፕቶፖች በአንድ ቀን ተገናኙ። አሮጌዎቹን ግን ሰርቨሩ ዞር ብሎም አላያቸው።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ደግፌ ነገር ማንዛዛት አይወዱም። «ወይ ይገናኛሉ፣ ወይ ይወገዳሉ» አሉ። «የአባላቱ ጉባኤ ይወስናል።» ከተወገዱ ክፍሏ ትዘጋለች፤ የአራቱ ሴቶች ኮንትራትም አይታደስም። የልክነሽ ደመወዝ ደግሞ ገጠር፣ ካምባ ያለች እናቷ የምትተነፍስበት ነበር።

የአብስራ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ተወልዶ ያደገው እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር፣ የተማረው አዲስ አበባ፤ ኔትወርኩን እንዲዘረጋ ዩኒየኑ የቀጠረው ወጣት ኢንጂነር ነው። ረጋ ያለ፣ ሲስቅ አንድ ጉንጩ ብቻ የሚሰረጎድ። ልክነሽ ይህንን የጉንጭ ነገር በመጀመሪያው ቀን አየችው፤ ያየችውን ግን ለሰብሊ እንኳ አልነገረችም። ሰብሊ ከጎኗ የምትቀመጥ፣ ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ ጓደኛዋ ናት፤ አፏ ላይ ነገር አያድርም።

«ችግሩ ምንድነው ግን?» ብላ ጠየቀችው ልክነሽ አንድ ቀን።

«አይግባቡም» አላት። «እነዚህ የሚያውቁት የድሮውን አነጋገር ብቻ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ለደህንነቱ ሲል የድሮውን አልሰማም ብሎ ዘግቷል።»

«ታዲያ መሀል ገብቶ የሚያስታርቃቸው ይጥፋ?»

እንደ ቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን ቀልዱን ይዞት ሄደ። በማግስቱ ከመጋዘን አንድ ተረፈ ኮምፒውተር አውጥቶ አጸዳው፤ ሁለት የኔትወርክ መሰኪያ አደረገለት። በአንዱ በኩል ከአሮጌዎቹ ጋር በአሮጌው ደንብ፣ በሌላው ከሰርቨሩ ጋር በአዲሱ ደንብ እንዲነጋገር አድርጎ መሀል ላይ አስቀመጠው። ስሙንም «አስታራቂው» አሉት፣ በሷ ቃል።

አስታራቂው መጀመሪያ የሠራው ሌሎቹ ምሳ በወጡበት ሰዓት ነው። ልክነሽ «ሰላም ነው?» ብላ በአሮጌው ኮምፒውተሯ ጽፋ አስቀመጠች። የአብስራ ወደ ፊት ቢሮ ሮጦ ሄዶ ላፕቶፕ አቅፎ ተመለሰ። ቃሏ እዚያ ላይ ወጥቷል። ልክነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እሱ ያንን እጇን ከአፏ ላይ አንሥቶ ሳመው፤ እሷም አልከለከለችውም።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አላት። «ጉባኤው ላይ ራሴ ተነሥቼ እናገራለሁ። የሰብሊን ፊት ያን ጊዜ ማየት እፈልጋለሁ።»

«እሺ፣ አልነግርም።»

«ልኬ፣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ ብዬሽ አልነበር? ይህንን ጨርሼ ነው የምሄደው። አብረሽኝ ነይ።»

ሳቀች። «ሥራዬ ባይኖር ነገውኑ እከተልህ ነበር። ግን ሥራ አለኝ፤ እናት አለችኝ።»

እሱም ሳቀ። ልክነሽ ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ባጃጅ መያዝ ሁሉ ረስታ ነበር፤ ደስታ እንዲህ እግር ላይ እንደሚወጣ አታውቅም ነበር።

* * *

እሑድ ቀን ሴቻ፣ ወላጆቹ ቤት ወሰዳት።

በረንዳው ላይ ሲቀመጡ አባያ ከታች ደፍርሶ፣ ቀላ ብሎ ተዘርግቷል። አባቱ አቶ ሰይፈሥላሴ በወጣትነታቸው ከሰሜን በግብርና ሠራተኝነት መጥተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ዩኒየኑም የክብር አማካሪ አድርጎ ጉባኤ ላይ ፊት ያስቀምጣቸዋል። ቁጥብ ናቸው። እናቱ ወይዘሮ ወለቴ ግን የሁለቱንም ድርሻ ያወራሉ።

«ነይ እስኪ አጠገቤ፣ የኔ ቆንጆ። ምነው እንዲህ ተሽቆጠቆጥሽ? ዓሣውን ብዪ እንጂ! አጥንቱን አውጥቼልሻለሁ።»

ልክነሽ ጎረሰች። ወዲያው ወደደቻቸው፤ ይህንን መካድ አይቻልም።

«አባትሽ እንዴት ናቸው?» አሉ ወይዘሮ ወለቴ። «ዛሬም ይሸምናሉ?»

«እ… እትዬ?»

«የአብስራ ነግሮናል እኮ! ዶርዜ ውስጥ እሳቸውን የሚያህል ሸማኔ የለም ብሎ። እኔማ አንድ ጋቢ በእጃቸው ካልሸመኑልኝ ልጄን አልድርም ብያለሁ!» ብለው ሳቁ፤ ጉልበቷንም መታ መታ አደረጉት።

ልክነሽ ዶርዜን የምታውቀው በመንገድ ስታልፍ ነው። አባቷ ብዙነህ ገና ልጅ ሳለች ሞተዋል። ያሳደገቻት እናቷ ካምባ ውስጥ ጭቃ ቆፍራ፣ ማሰሮና ምጣድ ሠርታ፣ በጀርባዋ አዝላ ገበያ እያወጣች ነው። በሷ አገር ሸክላ ሠሪ ከሌላው ጋር አይጋባም፤ ድግስ ላይ የሚቀመጠው ለብቻው ነው፤ ሰላምታው ሳይቀር ከሩቅ ነው። ልክነሽ ይህንን ሁሉ ለየአብስራ አንድ ቀን እያለቀሰች ነግራዋለች። ያን ጊዜ «ያንቺ እናት የኔም እናት ናት» ብሎ ነበር።

ቀና ብላ አየችው። እሱ ሳህኑን ያያል። አንዴ፣ ለቅጽበት እንኳ፣ ዓይኑን አላነሣም።

«ደህና ናቸው» አለች ልክነሽ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው።»

ሲመለሱ ባጃጁ ቁልቁለቱን እስኪወርድ ድረስ አልተናገረችም። ሲቀላ ሲደርሱ ወረደችና ፊቱ ቆመች።

«የሞተ አባቴን ደህና ናቸው አልኩ። አንተ ነህ ያስባልከኝ።»

«ልኬ፣ እናቴን አታውቂያትም። ስትስቅ አትዪያት። ሸክላ ሠሪ ብላት አልጋ ላይ ነው የምትወድቀው። አባቴም ሁለተኛ ደጁን አያስረግጠኝም። ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ይውደዱሽ መጀመሪያ፤ ከወደዱሽ በኋላ ቀስ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«እናትህ አጥንት አውጥተው ነው ያጎረሱኝ።»

«የሸማኔ ልጅ መስለሻት ነዋ!»

ይህቺ ቃል ልቧ ላይ ተቀመጠች። ቢሆንም ፍርሃቱን ፊቱ ላይ ስታይ አዘነችለት። እናቱን ፈርቶ የዋሸ የመጀመሪያው ሰው እሱ አይደለም፣ አለች ለራሷ። በሁለት ነገር መሀል ተጨንቆ ነው አለች። ሌሊቱን ግን አባቷን እያሰበች አደረች፤ መልካቸው እንኳ በቅጡ ትዝ የማይላትን ሰው እንደገና የቀበረቻቸው መሰላት።

* * *

የጉባኤው ዕለት አዳራሹ ገና በተበታተነ ኬብልና ካርቶን ተይዞ ስለነበር፣ ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ትልቁ ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ገበሬዎቹ እንዲያውም ደስ አላቸው፤ የጋሞ ሰው ከባድ ነገር መምከር የሚወደው እንዲህ ሜዳ ላይ፣ ዱቡሻ በሚለው የሸንጎ ቦታው ነው። የቦርዱ ሰብሳቢ ጋሽ ኤርጫፎ እርጥብ ሣር ይዘው ቆሙ። ዕድሜያቸውን በሙዝ እርሻ የገፉ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ ወንድና ሴት ይደበላለቅባቸዋል፤ ማንም ግን አይስቅባቸውም።

«ዝናብ ይስጠን። ልጅ ይስጠን። ሰላም ይስጠን» ብለው መረቁ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። «ዱቡሻ ላይ ውሸት ጎሜ ነው፤ እርም ነው። ውሸት የተናገረ ለራሱም ለከብቱም ለልጁም አይበጅ። እውነት እንናገር።»

የዩኒየኑ ጉባኤ የቆየ ልማድ አለው። የሚናገር ሁሉ መጀመሪያ ወደ ፊት ወጥቶ ስሙን፣ የማን ልጅ እንደሆነና ከየት እንደመጣ ይናገራል። ሳይናገር የጀመረን ሽማግሌዎቹ «ማነህ?» ብለው ያስቆሙታል። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው እንኳ በየዓመቱ «የአባተ ልጅ ደግፌ» ብለው ነው የሚጀምሩት።

አቶ ደግፌ የሰርቨሩን ነገር ካስረዱ በኋላ ኢንጂነሩን ጠሩ። ልክነሽ ከኋላ፣ ከሰብሊና ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተቀምጣ ነበር። የሰብሊን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች።

«ምን ሆነሻል አንቺ?» አለች ሰብሊ። «ሊድሩሽ ነው እንዴ?»

«ዝም ብለሽ ስሚ።»

የአብስራ ወጣ። «የአብስራ እባላለሁ፤ የአቶ ሰይፈሥላሴና የወይዘሮ ወለቴ ልጅ ነኝ፤ ከሴቻ።» አባቱ ከፊት ወንበር ላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኋላ ክፍሉን ኮምፒውተሮች በተመለከተ… ብዙ ሞክረናል።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አይገናኙም።»

ልክነሽ በትክክል የሰማች አልመሰላትም።

«ጭራሽ?» አሉ ጋሽ ኤርጫፎ።

«ጭራሽ፣ ጋሼ። አርጅተዋል። ቢወገዱ ነው የሚሻለው።»

ሰብሊ እጇን ከልክነሽ እጅ አወጣች፤ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ያቺ ወሬኛ ሰብሊ ነጠላዋ ውስጥ ተንሰቀሰቀች። ልክነሽ ግን ዓይኗ ከየአብስራ ላይ አልተነሣም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እሱ ሁሉንም አየ፤ እሷ ወደ ተቀመጠችበት አቅጣጫ ብቻ ሳይዞር ወደ ቦታው ተመለሰ። አቶ ደግፌ ውሳኔው ከምሳ በኋላ ይሰጣል አሉ። ልክነሽ ብድግ ብላ ልትፈልገው ሄደች።

* * *

የኋላ ክፍል ውስጥ አገኘችው። አስታራቂውን ከኔትወርኩ ነቅሎ፣ ኬብሉን ክንዱ ላይ እየጠቀለለ ነበር።

«በሩን ዝጊው» አላት።

አልዘጋችውም። «ሰላም ነው ብዬ የጻፍኩትን ላፕቶፕ ላይ ያሳየኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ልኬ…»

«እዚህ ወለል ላይ ተኝተህ የሠራኸው አንተ አይደለህም? ለማንም አትንገሪ ያልከኝስ? የሰብሊን ፊት ማየት እፈልጋለሁ ያልከኝስ?»

«ያን ቀን እውነቴን ነበር። እምልልሻለሁ፣ ያን ቀን እውነቴን ነበር።» ኬብሉን አስቀመጠ። «ከዚያ እሑድ መጣ። እናቴ ቤት እንዴት ተሳቅቀሽ እንደተቀመጥሽ አየሁ። እዚህ እስካለን ድረስ አንድ ቀን አንድ ሰው ይነግራቸዋል። አዲስ አበባ ብንሄድ ግን ማን ያውቅሻል? ማን የማን ልጅ ነሽ ይልሻል? ለኛ ነው፣ ልኬ። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«ለሁለታችን ብለህ ሥራዬን አጠፋኸው።»

«ሥራዬ ባይኖር ነገውኑ እከተልህ ነበር ብለሽኛል። በራስሽ አፍ።»

ልክነሽ ያቺን ቃል በሳቅ ነበር የወረወረቻት፤ እሱ ለካ አንሥቶ ኪሱ ከቶ፣ ቀን ጠብቆ ኖሯል።

«ሰብሊስ? ልጇን በምን ታሳድግ? ሌሎቹስ?»

«ሌላ ሥራ ያገኛሉ።»

«እናቴስ?»

«እናትሽን ገንዘብ እንልክላታለን። ከዚያ ቀስ ብለን…»

«ቀስ ብለን ምን?» እሱ ኬብሉን መልሶ አነሣ። «ቀስ ብለን ምን፣ የአብስራ? እሷንም ሸማኔ ታደርጋታለህ? ወይስ እንደ አባቴ ትገድላታለህ?»

«እንደዚህ አትናገሪ!»

«እሺ፤ ወጥቼ ለጉባኤው እናገራለሁ።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አትችዪም። ለመናገር መጀመሪያ ምን እንደምትዪ ታውቂያለሽ። የማን ልጅ እንደሆንሽ፣ ከየት እንደመጣሽ። አባቴ ፊት ለፊት ነው የተቀመጠው። ያቺን ከተናገርሽ አለቀ፤ እኔና አንቺ አለቅን።»

ልክነሽ ትኩር ብላ አየችው። የፈራ ሰው ሲለምን እንዴት እንደሚያይ ታውቃለች፤ ይህ ግን ልመና አልነበረም። አስቦበታል። «አይገናኙም» ሲል አፏ በምን እንደሚዘጋ አስቀድሞ አውቆ፣ በዚያው ተማምኖ ነው የተናገረው። እያለቀሰች የነገረችውን የእናቷን ነገር መቆለፊያ አድርጎባታል። ከውሸቱ ሁሉ ይህኛው አንጀቷን ቆረጠው፤ ትታው ወጣች።

* * *

«ሌላ አስተያየት ከሌለ ወደ ድምፅ እንለፍ» አሉ አቶ ደግፌ።

ልክነሽ ተነሣች። ሰብሊ ቀሚሷን ጎተተቻት፤ «የት ነው የምትሄጂው?» አለች። ሰው መሀል ለመሀል አልፋ ወደ ፊት እስክትደርስ ያ ሜዳ አላልቅ አላት። አቶ ሰይፈሥላሴ የእሑዷን እንግዳቸውን ሲያዩ ፈገግ አሉ፤ ኮፍያቸውንም ነካ አደረጉላት። ያ ፈገግታ ባይኖር ይቀላት ነበር።

የአብስራ ቆሞ ነበር፤ ከዛፉ ግንድ አጠገብ። አሁን አያት። ዓይኑ ተይ፣ ተይ ይላታል። ያ የተሰረጎደ ጉንጩ፣ እጇን የሳመበት ከንፈሩ፣ ሁሉም እዚያው አለ። ትወደው ነበር፤ እዚያ ቆማ እንኳ ትወደው ነበር። ነገሩን ያከበደባት ይኸው ነው።

«ተናገር፣ ልጄ» አሏት ጋሽ ኤርጫፎ። «አትፍራ። እዚህ የሚበላህ የለም።»

«ልክነሽ ብዙነህ እባላለሁ» አለች። «አባቴ ብዙነህ በሕይወት የሉም። የማን ልጅ ነሽ ካላችሁኝ የአማረች ልጅ ነኝ። ከካምባ። ካምባ ገበያ ማሰሮ የገዛችሁ ታውቋታላችሁ፤ ሸክላ ሠሪዋ አማረች። የሷ ልጅ ነኝ።»

ከደጋ የመጡት ገበሬዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከኋላ የሆነ ሰው ጎረቤቱ ጆሮ ውስጥ ምን እንዳለ አልተሰማም፤ አንዲት ሴት ነጠላዋን ሰብስባ ፈቀቅ አለች። አቶ ሰይፈሥላሴ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቀረ። ልክነሽ ይህን ሁሉ አየች። አሁን ደግሞ የሚቀራት ነገር ስለሌለ ሌላው ቀላት።

«ኮምፒውተሮቹ ይገናኛሉ። የኔው ተገናኝቶ የጻፍኩት ፊት ቢሮ ላፕቶፕ ላይ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የሠራው ኢንጂነሩ ራሱ ነው። ጎበዝ ነው፤ ያውቅበታል። ዛሬ ምሳ ሰዓት ነው የነቀለው።»

ጋሽ ኤርጫፎ አልተቆጡም። ሣሩን ይዘው ወደ የአብስራ ዞሩ። «ልጄ፣ ይቺ ልጅ ውሸት ተናገረ?»

የአብስራ አባቱን አየ። ልክነሽን አይደለም፤ አባቱን ነው ያየው።

«አልዋሸችም» አለ በመጨረሻ። ለመስማት ጆሮ መቀሰር ያስፈልግ ነበር።

«እንግዲያ ዱቡሻውን አቁስለሃል። የእርቁን ነገር እኛ ሽማግሌዎች ሌላ ቀን እናየዋለን። አሁን ሂድ፤ የነቀልከውን ትከለው። እኛ እንጠብቃለን።»

የአብስራ አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ክፍል ሄደ። አቶ ደግፌ አብረውት ገቡ። ብዙም ሳይቆዩ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ ብቅ ብለው «ገባ! የመጀመሪያው ገብቷል!» ሲሉ፣ ክፍሏ እንዳለች ትቀጥል ተብሎ በጭብጨባ ተወሰነ። ሰብሊ እልልታዋን አቀለጠችው። ሮጣ መጥታ ልክነሽን አቀፈቻት፤ «የኔ ጀግና! የኔ ጀግና!» እያለች ጉንጯን በዕንባዋ አራሰችው። ልክነሽም አቀፈቻት፤ እልልታው ግን ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ያህል ራቃት።

* * *

ሰው መበተን ሲጀምር አቶ ሰይፈሥላሴ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ልክነሽ ራሷን አዘጋጀች። የሚሏትን ሁሉ አስቀድማ በልቧ ሰምታዋለች፤ ቁጣውንም፣ ንቀቱንም፣ ልጄን አሳፈርሽው ማለታቸውንም።

«እሑድ ዕለት ለምን ዝም አልሽ?» አሏት። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ የደከመ ነው።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። እትዬ ወለቴን ማስደንገጥ አልፈለግሁም።»

«በምን?»

«ሸክላ ሠሪ መሆናችንን ከሰሙ አልጋ ላይ ይወድቃሉ… እርስዎም ደጅዎን አያስረግጡትም ብሎ… እሱ ብሎኝ ነው።»

«እኔ?» ኮፍያቸውን አገላበጡት። የኋላ ክፍሏን በር አዩ፤ መልሰው እሷን አዩ። «ልጄ፣ የማን ልጅ ናት ብለን እኮ አልጠየቅነውም። አንዲት ልጅ ወድጃለሁ አለን። እናቱ ደስ ብሏት ስሟ ማነው አለችው። እሱ ገና ስምሽን ሳይናገር ነው የሸማኔ ልጅ ናት ያለን።»

ልክነሽም ያንኑ በር አየች።

«አልዋሽሽም» አሉ ሽማግሌው። «ብትነግሩን ምን እንል እንደነበር አላውቅም። ወለቴ ታኮርፍ ይሆን ነበር። እኔም እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ቅር ሊለኝ ይችላል። ግን አልጠየቅነውም። እንድንልም እንዳንልም ዕድል አልሰጠን።» ቆም አሉ። «እናትሽን ሰላም በዪልኝ» ብለው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ወደ በሩ ሄዱ።

የአብስራ ከክፍሉ ሲወጣ ሸሚዙ እንደገና አቧራ ጠጥቷል። ግቢው ባዶ መሆኑን ሲያይ በፍጥነት መጣ። ፊቱ ላይ ሐፍረትም ተስፋም አለ።

«ሁሉም ተገናኝተዋል» አላት። «አራቱም። ልኬ፣ ስሚኝ፣ እንዲያውም ጥሩ ሆነ። ከእንግዲህ የምንደብቀው የለም። አባቴ ሲያናግርሽ አይቻለሁ፤ አልተቆጣም አይደል? ዛሬውኑ እናቴን እነግራታለሁ። ሽማግሌ እንልካለን፤ ካምባ ድረስ። የፈለግሽውን…»

«ማን ጠይቆህ ነበር?»

«ምን?»

«የማን ልጅ ናት ብሎ ማን ጠይቆህ ነበር፣ የአብስራ?»

አፉን ከፈተ። አንድ ነገር ሊል ነበር፤ እናቴ ሊል ነበር። ከዚያ አባቱ የሄዱበትን በር አየና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

ልክነሽ ከእሑድ ጀምሮ ስትከራከርለት ነበር የሰነበተችው። እናቱን ፈርቶ ነው ብላለች። አባቱን ፈርቶ ነው ብላለች። በየሌሊቱ ከነዚያ ሁለት ሰዎች ጋር ተጣልታ፣ እሱን ከነሱ እጅ አውጥታ፣ ይቅር ብላ ነው የምትተኛው። ምሳ ሰዓት ላይ አንጀቷ ሲቆረጥ እንኳ፣ ከሥር ከሥሩ፣ ያስጨነቁት እነሱ ናቸው የምትል ትንሽ ቦታ በልቧ ቀርታ ነበር። አሁን ያቺም ሄደች። ማንም አላስጨነቀውም። ከሷ ጋር ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ፣ እጇን ስሞ፣ ያንቺ እናት የኔም እናት ናት ብሎ ሲያበቃ፣ ማንም ምንም ሳይለው ያፈረባት እሱ ብቻ ነው።

«ልኬ» አላት።

በሕዝቡ ሁሉ ፊት ያልወረደ ዕንባዋ አሁን ወረደ። አላበሰችውም፤ ፊቷንም አላዞረችበትም። ያደረገውን እስኪበቃው ይየው ብላ ቆመችለት።